የቅዳሜው የኮሚክስ ክፍል፦ ሥዕል ለመማር ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ

ባሕር ዳር ውስጥ ኮሚክስ፣ ማለትም በሳጥን በሳጥን የሚሳል ታሪክ፣ የሚያስተምር ሰው አለ ሲባል መጀመሪያ የጠየቅኩት ዋጋውን ነው። ለአንድ ዙር 3,000 ብር። ዙሩ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት። ወረቀት ከእነሱ ነው፤ እርሳስና እስክሪብቶ ከናንተ። ቡናው ነፃ ነው። ደግሞ ቡና የሚባል ቡና ነው።

ዙሩን ጨርሻለሁ። "እንዴት ነው? ይጠቅማል?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ በደንብ ጽፌ ልገላገል። የአስተማሪውን ስም ግን አልጽፍም። እንዳትጽፊ ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ከ12 ሰው በላይ አይይዝም። የመጣን ሰው ከበር መመለስ ይከብደኛል ይላሉ። ቦታው ከፔዳ ግቢ ብዙ ሳይርቅ፣ ፎቅ ላይ፣ ከሥሩ ጸጉር ቤት ያለበት ቤት ነው። ሰፈሩ ደርሳችሁ "የካርቱን አስተማሪው ጋ" ካላችሁ ባጃጆቹ ያውቁታል። እሳቸው ካርቱን መባሉን አይወዱትም፤ ግን ለባጃጅ ሹፌር ማስረዳት ደክሟቸው ትተውታል።

እኔ የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው። የሠርግ ጥሪ፣ ባነር፣ ደረሰኝ፣ የሙት ዓመት ፖስተር፣ ነሐሴ ሲገባ ደግሞ የቀን መቁጠሪያ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነኝ። በእጄ መሳል ከትምህርት ቤት ወዲህ ትቼዋለሁ። የተመዘገብኩትም እጄን ላፍታታ ብዬ ነበር። የሄድኩበትን አላገኘሁም። ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው፤ ከአምስት አራት ኮከብ የምሰጠውም ለእሱ ነው። አምስተኛዋ የት እንደቀረች ወደ ታች ስትወርዱ ታገኟታላችሁ።

እዚህ ክፍል ውስጥ መሳል አይሰጥም። እጅ እንዴት እንደሚሳል፣ ጥላ ወዴት እንደሚወድቅ፣ ፊት ከየት እንደሚጀመር ማንም አያሳያችሁም። አብሮን አንድ የፖሊ ግቢ ተማሪ ተመዝግቦ ነበር። አኒሜ የሚባለው የጃፓን ካርቱን ነፍሱ ነው፤ እጁም የተባረከ ነው። ብዙም ሳይቆይ ቀረ። አልፈርድበትም። ልጁ የመጣው ጡንቻና ሰይፍ ሊስል ነው፤ የተሰጠው ግን መቀስ ነው።

መቀስ ስል መቀስ ማለቴ ነው። በመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዳችን አንድ ፎቶኮፒ ታደለን። ስምንት ሳጥን ያለው አጭር የሥዕል ታሪክ ነው፤ ንግግሩ ተፍቋል። ሳጥኖቹን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ቀላቅሉ፣ አጠገባችሁ ላለው ሰው ስጡ፣ እሱ ይደርድራቸው ተባልን። ከዚያ አንድ ሳጥን ጣሉ። ታሪኩ አሁንም ይገባል? ሌላ ጣሉ። አሁንስ? እንዲህ እያልን ሦስት ላይ ደረስን፤ ሦስት ላይም ይገባል። ሁለት ላይ ስንደርስ ግን የሌባው ታሪክ የፖሊሱ ታሪክ ሆኖ ቁጭ አለ። ሁላችንም አውካካን። አስተማሪያችን ጋሼ አልሳቁም። "የትኛዋ ስትወጣ ነው የተገለበጠው?" ብለው ጠየቁን፤ መልሱን ፍለጋ ከአንድ ሰዓት በላይ ተከራከርን።

ጋሼ የምላቸው ሁሉም ሰው እንዲያ ስለሚላቸው ነው። በሥራ ዘመናቸው አርታኢ ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ የልጆች መጻሕፍት፣ የጤና ትምህርት ቡክሌት፣ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሚገቡ የሥዕል ታሪኮች ሲያርሙ፣ ሠዓሊና ጸሐፊ ሲያስታርቁ ኖረው ነው ወደ አገራቸው የተመለሱት። ራሳቸው አይስሉም። ሰሌዳ ላይ ሰው ሲያወጡ ክብ ጭንቅላትና አምስት ጭረት ነው። መጀመሪያ ላይ ይህ ሰው ምን ሊያስተምረኝ ነው ብዬ ነበር።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ። ሁላችንም አንድ አንድ ታሪክ ይዘን እንድንመጣ ታዘዝን። የኔ ከሥራ ቦታዬ ነው። አንድ ደንበኛ ለአባቱ ሙት ዓመት ባነር ሊያሠራ ይመጣል። በእጁ ያለችው አንዲት የመታወቂያ ፎቶ ናት። አባትየው ኮስተር ብለዋል። "ትንሽ ፈገግ አድርጊልኝ" ይላል ልጁ። ዲዛይነሯ ትሞክራለች። ፈገግታው ይመጣል፤ ሰውየው ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ልጁ አይቶ አይቶ "ተይው፣ እኔ የማውቀው ሲቆጣ ነው" ብሎ የመጀመሪያውን ያሳትማል። ይኸው ነው።

ጋሼ የሚያዩት ረቂቁን ነው። የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ ሳጥኖች፣ በእርሳስ፣ በቃ። ጃፓኖች ይህን ረቂቅ ኔም ይሉታል፤ ማንጋ፣ የነሱን ኮሚክስ፣ የሚሠራው ሰው ንጹሑን ከመሳሉ በፊት ለአርታኢው የሚያሳየው እሱን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በቀለም ያለቀ ገጽ ላይ "ይህቺ ትውጣ" ብትሉት ሰውየው ስንት ቀን የለፋበትን ነው የምትጥሉበት። እርሳስ ላይ ከሆነ ላጲስ ይበቃል።

ረቂቄ 14 ሳጥን ነበረው። ጋሼ ቀይ እስክሪብቶ አይነኩም፤ የሚጽፉት በአረንጓዴ ነው። ሥዕላችሁ ላይም አንዲት መስመር አያሰምሩም። ዳር ዳሩ ላይ ጥያቄ ብቻ ይጽፋሉ። "ይህን ቅድም አላየሁትም?" "እዚህ ጋ የሚያየው ማን ነው?" "ዝም ብትል?" ይህቺ የመጨረሻዋ የኔ ገጽ ላይ ከላይ እስከ ታች ነበረች።

በጣም የምወዳት አንዲት ሳጥን ነበረችኝ። ዲዛይነሯ ለልጁ ስትመልስ ነው፦ "ያልተነሳ ፈገግታ ኮምፒውተር ከየት ያመጣዋል?" ዓረፍተ ነገሯን ብዙ ለፍቼባታለሁ። ጋሼ አጠገቧ "የምትናገረው እሷ ናት ወይስ አንቺ?" ብለው ጻፉ። "ጋሼ፣ ታሪኩ እኮ ይቺው ናት" አልኳቸው። "እንግዲያው አውጪያትና ለእናትሽ አሳዪልኝ። ካልገባቸው እመልስልሻለሁ" አሉኝ። አሳየኋት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አንዴ ወረደችበትና "ወይ ጉድ፣ አባቴን! እሱም ለፎቶ አንድም ቀን ስቆ አያውቅም" ብላ ስለ አያቴ ሰምቼው የማላውቀውን ስታወራ አመሸች። ሳጥኗ አልተመለሰችም። ታሪኩ በዘጠኝ ሳጥን አለቀ።

ለዚህ ነው ክፍሉን መሳያ ብላችሁ እንዳትሄዱበት የምለው። የሚሰጠው ኤዲቲንግ ነው። አገራችን ውስጥ ቆንጆ የሚስል ሞልቷል፤ እኛ ማተሚያ ቤት እንኳን በወር ስንቱ ይመጣል። የሠራውን ተቀብሎ "ይሄ ሁለቴ ሆነብኝ" የሚለው ሰው ነው የጠፋው። ጽሑፍ ሲሆን አራሚ እንፈልጋለን፤ ሥዕል ሲሆን ግን "ጎበዝ!" ብለን ላይክ አድርገን እናልፋለን።

ፊደል ላይ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሄዷል፤ ለኔ ወርቅ ነበር። አብዛኞቻችን ያየነው ኮሚክስ እንግሊዝኛ ስለሆነ ንግግር የሚጻፍበትን ፊኛ የምንስለው ለእንግሊዝኛ ነው። ጠባብና ረጅም። ከዚያ "ካላስቸገርኩህ" የሚል ቃል ይመጣል። አንድ ቃል ነው፤ ፊኛው አይችለውም። ፊደሉን ብታሳንሱት እንደ "ጨ" እና "ጩ" ያሉት ይምታታሉ፤ ርካሽ ወረቀት ላይ ሲታተም ደግሞ ጭራሽ ይደፈናል። የጥንት ጸሐፊዎች ብራና ላይ መስመሩ ሲሞላባቸው ቃሉን ሰብረው ወደ ታች ይወርዱ ነበር። በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ ስለነበረ አንባቢ አይደናገርም። እኛ ሁለት ነጥቡን ትተን በክፍት ቦታ ስለተካነው ያንን ነፃነት አጥተናል። የጋሼ መላ አጭር ነው፦ መጀመሪያ ንግግሩን ጻፉ፣ ከዚያ ፊኛውን ዙሪያውን ሳሉ፣ ሰውየው በተረፈው ቦታ ይቁም። ፊደሉም በእጅ ይጻፍ። ኒያላ ፎንት ፊኛ ውስጥ ሲገባ የቀበሌ ደብዳቤ ይመስላል አሉ። ኒያላን ቀን ተሌት ስለምጠቀምበት ትንሽ ከፋኝ፤ ግን ውሸት አይደለም።

ገጽ ስለመግለጥ ያሉት ደግሞ ሰኞውኑ ሥራዬ ላይ ዋለ። መሃሉ ላይ በሽቦ የሚያዝ ቡክሌት ገጹ ለ4 መካፈል አለበት። ይህን ድሮም አውቃለሁ፤ ደንበኛ 10 ገጽ ይዞ ሲመጣ 12 እናድርገው የምለው ለዚህ ነው። የማላውቀው ከግራና ከቀኝ ገጽ የትኛው ላይ ምን እንደሚቀመጥ ነበር። የኛ መጽሐፍ ተጋማሽ ቁጥር ያለው ገጹ በግራ በኩል ነው። አንባቢ ገልጦ መጀመሪያ የሚያርፍበትም እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ድንገተኛው ነገር እዚያ ይሆናል፤ "ማን ነው በሩን ያንኳኳው?" የሚለው ከሱ በፊት ባለው ገጽ ግርጌ። አሁን የትምህርት ቤት መጽሔት ሲመጣልኝ እንኳን ገጽ 7 ግርጌ ላይ ምን እንዳለ ሳላይ አልለቅም።

የዙሩ ምርጥ ቀን የድሮ ሥዕል ልናይ ዘጌ የሄድንበት ነው። ጣና ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሳለ ወንጌል አለው፤ ግን ደሴቱ ላይ ሴት አትገባም። ከክፍሉ ግማሹ ሴት ስለሆነ ጋሼ ዘጌ ያለውን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን መረጡ። ጀልባው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የጀልባው ሒሳብ በ3,000 ብሩ ውስጥ የለም። ይህን ስንመዘገብ ማንም አልነገረንም፤ አንዷ ልጅ ተበድራ ነው የተሳፈረችው። ኮከቧ መጉደል የጀመረችው እዚህ ጋ ነው።

ኡራን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ የምንወስደው እዚያ አይደል። ጨርቅ ላይ ተስሎ መቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ "ቆንጆ ነው" እያልኩ ዞሬ ወጥቻለሁ። በዚህኛው ጉዞ በላዔ ሰብእ ሥዕል ፊት ቆመን ብዙ ቆየን። 78 ሰው የበላ ሰው ነው። ለአንድ ለተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ ፍርድ ላይ ያቺ ውሃ ሚዛን ደፋች። "ሠዓሊው ከዚህ ሁሉ የቱን መረጠ?" አሉ ጋሼ። 78ቱን አንድ በአንድ አልሳለም። ውሃው አለ፣ ሚዛኑ አለ። መሃል ያለውን እኛ ራሳችን ነው የምንሞላው። ደግሞ ዓይኑን እዩ አሉን። በኛ አሳሳል ደግ ሰው ፊት ለፊት ዞሮ በሁለት ዓይን ያያችኋል፤ ክፉው በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ያልተማረ ሰው እንኳን ከሩቅ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ይህን ሁሉ ዘመን ሳውቀው ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

በመመለሻው ጀልባ ላይ የቤት ሥራ ተሰጠን። ያቺ ለቱሪስት የምትሸጠውን የንግሥተ ሳባን ሸራ ታውቋታላችሁ። በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ 44 ሥዕሎች፣ ከሥራቸው አጭር ጽሑፍ። ይህን ወደ 12 አውርዱ ተባልን። እኔ መጀመሪያ ላይ ያለው ዘንዶ ይውጣ አልኩ። አቤት የተነሳብኝ! አንድ የታሪክ መምህር አብሮን ነበር፤ ዘንዶው ካልተገደለ የማክዳ አባት በምን ነገሠ፣ እሷስ ዙፋኑን ከየት ወረሰች ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። ማረፊያው እስክንደርስ አልተስማማንም። አሁንም ይውጣ ባይ ነኝ።

ስለ እንጀራው ደግሞ። አንድ ቅዳሜ ይህ ነገር ያበላል ወይ የሚለው ላይ ዋለ። ጋሼ አልደለሉንም። ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ በኮሚክስ አርታኢነት ብቻ የሚኖር ሰው አላውቅም አሉ። እሳቸው ሦስት ነገር አጣምረው ነው የያዙት፦ በኢሜይል የሚመጣላቸውን ያርማሉ፣ ቅዳሜ ያስተምራሉ፣ በየዙሩ መጨረሻ ዐውደ ርእይ ያሰናዳሉ። ገንዘቡ የሚመጣው ከመጀመሪያው ነው፤ ያውም ስለ ወባና ስለ እጅ መታጠብ ከሚያወራው ቡክሌት። ሌሎቹ ሁለቱ ወጪያቸውን ከሸፈኑ እሰየው ነው።

እንደ ምሳሌ ያነሱልን ፍራንስዋዝ ሙሊን ነው። ፈረንሳዊት ናት፤ ኒውዮርክ ሄዳ ማተሚያ ማሽን ገዝታ የምትኖርበት ቤት ውስጥ አስገባች። እ.ኤ.አ. በ1980 ከባሏ ከአርት ስፒገልማን ጋር ሮው የሚባል የኮሚክስ መጽሔት ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው የስፒገልማን ኮሚክስ፣ ማውስ፣ በየምዕራፉ የወጣው እዚያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የኒውዮርከር መጽሔትን ሽፋን የምትመርጠው እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ማንበብ ለሚጀምሩ ልጆች ኮሚክስ የሚያሳትም ድርጅት አቋቋመች። እኔን የያዘኝ ማሽኑ ነው። ሳሎኗ ውስጥ! የኛ ማሽን ሲነሳ ጎረቤት ያለው ሻይ ቤት ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል።

ከቅርባችንም አነሱ። ኢታን ኮሚክስ የሚባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጀምበር የሚባል ኮሚክስ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ታትሟል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ፊኛዎቹን አስተያይተናል። ከአይቮሪኮስት "አያ" የምትባል የማርጌሪት አቡዌ ኮሚክስ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አቢጃን ውስጥ ያሉ ወጣት ሴቶች ታሪክ ነው። ፈረንሳይኛ ስለሆነ ጋሼ እየተረጎሙ አነበቡልን። ሰፈርተኛው፣ ሐሜቱ፣ እናቶቹ፣ ሁሉም የኛ ነው የሚመስለው። አቡዌ ጽፋ ሥዕሉን የሠራው ክሌማን ኡብሬሪ ነው፤ ጸሐፊና ሠዓሊ ለየብቻ መሆን እንደሚችሉ ብዙዎቻችን ያን ቀን ነው ያመንነው።

ዐውደ ርእዩ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ካፌ ውስጥ ነበር። የተጋበዘው ቤተሰብና የሥራ ባልደረባ ነው፤ አላፊ አግዳሚውም ገባ። እዚህ ላይ ጋሼ ጥብቅ ናቸው። ሙሉ ታሪክ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ ሰው ቆሞ ሃያ ገጽ አያነብም አሉ። ከእያንዳንዳችን አንድ ገጽ ተመረጠ። ሙሉው ቡክሌት ከሥሩ በሲባጎ ተንጠለጠለ፤ የፈለገ ወንበር ስቦ ያንብብ። የተሰቀለው ኦሪጅናሉ ነው፣ ፍቁም ነጭ ቀለሙም ሳይደበቅ። ልጆች የሚያነቡት ረድፍ ዝቅ ተደርጎ ተሰቀለ። በሐይቁ በኩል ያለው መጋረጃም ተዘጋ፤ ማርከር ፀሐይ ላይ ይለቃል። የካፌው ሰዎች ደንበኛ የሚመጣልን ሐይቁን ሊያይ ነው ብለው ተቆጡ። በመጨረሻ ግማሹ ተከፈተ፤ በማርከር የሠራነው ሰዎች ወደ ጓዳው በኩል ተዛወርን። የኔ ገጽ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ነበረች። ሚሪንዳ ሊያወጣ የመጣው ሁሉ አንብቧታል።

አሁን የጎደለው። ወንበሮቹ የሕፃናት መዋያ ወንበር ናቸው፤ ሦስት ሰዓት ተቀምጣችሁ ስትነሱ ወገባችሁን ትይዛላችሁ። መብራት ሲጠፋ ፕሮጀክተሩ አብሮ ይጠፋል፤ ጋሼ በቃል ይቀጥላሉ፣ ግን ሥዕል በቃል እስከ የት ይሄዳል? መደርደሪያው ላይ ያሉት መጻሕፍት ቆንጆ ናቸው፤ ወደ ቤት ግን አይሰጡም። አብዛኞቹም እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ናቸው። በቴሌግራም የላካችሁት ረቂቅ መልሱ ይዘገያል፤ ኔትወርኩ አንድ ምክንያት ነው፣ ጋሼ ስልክ አለመውደዳቸው ሌላ ምክንያት ነው። ሰርተፍኬት የለም። ለሥራ ማመልከቻ የሚሆን ወረቀት የምትፈልጉ ከሆነ ከወዲሁ እወቁት።

ማን ይሂድ? ታሪክ ያለው ሰው። መምህራን በተለይ፤ አብራን የተማረች አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት መቀሱን ወስዳ ክፍሏ ውስጥ አስጀምራዋለች። ግራፊክስ የምትሠሩም ሂዱ። ልጃችሁ አኒሜ ስለሚወድ ልትልኩት ያሰባችሁ ወላጆች ግን መጀመሪያ ልጁን ጠይቁት። ሥራው ሲተች የሚያለቅስ ከሆነ ትንሽ ይቆይ። ጋሼ አይጮሁም፣ አያዋርዱም፤ ግን ያቺ አረንጓዴ እስክሪብቶ አትራራም።

ቀጣዩ ዙር ከፋሲካ በኋላ ነው ብለዋል። ምዝገባው በአካል ነው፤ ግማሹ ሲመዘገቡ፣ ግማሹ በሁለተኛው ወር ይከፈላል። የጀልባውን ለብቻ ያዙ። መቅረጫም ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ያለችው አንዷ እርሳስ ትበላለች።